ከእናቴና ከልጆቼ ጋር ዊንድሰር መዋል እንፈልጋለን፤ እንዴት ብናደርገው ይሻላል?

የሁለት ልጆች እናት
ሰላም ለሁላችሁ፤ እንደምን ከረማችሁ?

እናቴ ከጎንደር መጥታልኛለች። የምትቆየው ሁለት ወር ብቻ ነው። ከዚያ ላይ ሦስቱ ሳምንት ቤት ውስጥ አለቀ። እኔ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ እሷ መስኮት ሥር ቁጭ ብላ ዝናብ ማየት። አሁን ትምህርት ተዘግቷል። እኔም ጥቂት ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ። አንድ ቀን ሙሉ ሁላችንም ከለንደን ወጣ ብለን ብንውል ብዬ አሰብኩ።

ዊንድሰርን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። ልጆቹ «ሌጎላንድ» እያሉ፣ የልጆች መጫወቻ ፓርኩን ማለቴ ነው፣ እንቅልፍ ነስተውኛል። ትልቋ 11 ዓመቷ፣ ትንሹ 7 ዓመቱ ነው። እናቴ ደግሞ ከሂትሮው ተቀብዬ መኪና ውስጥ ሳስገባት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «የቴዎድሮስ ልጅ ያለበት ሩቅ ነው?» ብላ ነው። ሁለቱም አንድ ከተማ መሆናቸውን ሳውቅ ደስ አለኝ።

ሁለቱንም በአንድ ቀን መጨረስ ይቻላል? እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ዳገቱ እንዴት ነው? ደግሞ ፍልሰታ ሊገባ ነው። እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አትቀምስም። ስለዚህ ብዙ ማስኬድ ይከብደኛል። ሄዳችሁ የምታውቁ ምከሩኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

የስሎው ልጅ
እህቴ፣ እንኳን እናትሽን ለማየት አበቃሽ። እኔ ስሎው ከገባሁ 14 ዓመቴ ነው። ዊንድሰር ከእኛ በባቡር 6 ደቂቃ ናት። እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር የምወስደው እዚያ ነው።

ሁለቱን በአንድ ቀን አትሞክሪው። ሌጎላንድ ብቻውን ሙሉ ቀን ይበላል። ሲከፈት ገብተሽ ሲዘጋ ብትወጪ እንኳ ልጆች «ገና ያልገባንበት አለ» ይላሉ። ጊዜውን የሚፈጀው ሰልፉ ነው። በነሐሴ የአገሩ ልጅ ሁሉ እረፍት ላይ ስለሆነ ሰልፉ ይብሳል። የዊንድሰር ቤተ መንግሥትም በደንብ ይታይ ከተባለ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። ሁለት ቀን አድርጊው።

ቀኑንም ተጠንቅቀሽ ምረጪ። ቤተ መንግሥቱ ማክሰኞና ረቡዕ ለጎብኚ ዝግ ነው። እሑድ ይከፈታል፤ ግን የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት እሑድ ለአምልኮ እንጂ ለጎብኚ አይከፈትም። እኛ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሑድ መውጣት እንወዳለን፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቴዎድሮስ ልጅ የልዑል ዓለማየሁ መታሰቢያ ያለው ጸሎት ቤቱ ውስጥ ነው። እሑድ ከሄድሽ እናትሽ የመጡበትን ሳያዩ ይመለሳሉ። እኔ አጎቴን ከአዲስ አበባ ሲመጣ ያለ ቀኑ ወሰድኩት። ውጭ ቆሞ ግንቡን ብቻ አይቶ ተመለሰ። በሳምንቱ አገሩ ገባ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ይሻልሻል። ክብር ዘቦቹ ፈረቃ የሚቀያየሩት ብዙውን ጊዜ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ። በከተማው ዋና መንገድ ሰልፍ ይዘው ነው የሚያልፉት። መንገድ ዳር ቆሞ ለማየት ትኬት አያስፈልግም። ቀኑ አንዳንዴ ስለሚቀየር ከቤት ሳትወጪ መርሐ ግብሩን እዪ።

የሬዲንጓ
የስሎው ልጅ ያለው ልክ ነው። እኔ ስለ ሌጎላንድ ልጨምር፤ ከሦስት ልጆች ጋር ሄጄበታለሁ።

ትኬቱን በር ላይ አትግዢ። ቀደም ብሎ በኢንተርኔት ሲገዛ ይቀንሳል። ልጆቹንም ከቤት ሳትወጪ ቁመታቸውን ለኪያቸው። ብዙዎቹ ጨዋታዎች ላይ የቁመት ገደብ አለ። ግማሽ ሰዓት ተሰልፎ መጨረሻ ላይ «አትደርስም» የተባለ ልጅ ማባበል ከባድ ነው። የእኔ መካከለኛ ልጅ እንዲህ ሆኖ ምሳውን ሳይበላ ዋለ። ቅያሪ ልብስም ያዢ፤ ውሃ የሚረጩ ጨዋታዎች አሉ።

ቦታው ድሮ አንበሳና ዝሆን የሚታይበት የሳፋሪ ፓርክ ነበር። ሌጎላንድ የሆነው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ኮረብታ ላይ ስላለ መግቢያው ከላይ፣ ጨዋታው ወደ ታች ነው። ሲገባ ቁልቁለት ነው፤ ደክሞሽ ስትወጪ ግን ዳገት ይጠብቅሻል። ሽቅብ የምታወጣ ትንሽ ባቡር አለች። ለእናትሽ እሷ ትሁን። ሚኒላንድ የሚባለውን ግን እንዳያልፉት። ከተሞች በሌጎ ተሠርተው፣ መኪናውም ጀልባውም እየተንቀሳቀሰ ነው። አዋቂም ይወደዋል።

የ7 ዓመቱ ልጅ ልክ ዕድሜው ላይ ነው። የ11 ዓመቷ ዘንድሮ ካልሄደች ከዚህ በኋላ ይቀርባታል።

የመቅደላ ልጅ
እኔ ልቤን የከበደኝን ልናገር። ለንደን ከመጣሁ 20 ዓመት ሆነኝ። ዊንድሰር ግን ገብቼ አላውቅም። ኢትዮጵያ «ልጄን መልሱልኝ» ብላ ጠይቃ እምቢ ተብላለች። እኔ ለዚያው ትኬት ቆርጬ መግባት አቃተኝ።

ደግሞ ልጆች አይስክሬም እየበሉ በሚዝናኑበት ቀን መሃል ላይ እንዲህ ያለ ኀዘን ማስገባት ልክ ነው? እናትሽን ውሰጃቸው፤ ወግ ነው። ልጆቹን ግን ለሌጎላንዱ ብትተዪአቸው እላለሁ። የራሴን ልጆች እንዲህ ነው ያደረግኩት።

የሊድሱ
ወንድሜ፣ ያልከው ይገባኛል። እኔ የምኖረው ሊድስ ነው። ዓለማየሁ የሞተው እዚሁ ሄዲንግሊ ሰፈር ነው። በሥራ መንገዴ ላይ ስለሆነ ሳላስበው የማልፍበት ቀን የለም።

ታሪኩን ለማያውቁት ባጭሩ ልንገር። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አባቱ መቅደላ ላይ ሲሞቱ 7 ዓመት ሊሞላው ቀናት ቀርተውት ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕሩ ሲወርዱ መንገድ ላይ አረፉ። ልጁን የያዘው ካፒቴን ስፒዲ ነው፤ አገራችን ሰው ባሻ ፈለቀ የሚለው። አማርኛ ያውቅ ስለነበር ልጁ እሱን ሙጭጭ አለ። ዋይት ደሴት ላይ አብረው ኖሩ። ንግሥት ቪክቶሪያም እዚያው አይታ ወደደችው። በኋላ ግን ከስፒዲ ለይተው ራግቢ ትምህርት ቤት አስገቡት፤ ከዚያ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት። ሁለቱም አልሆነለትም። ሊድስ መጥቶ በአስተማሪ ቤት ሲማር ሳንባውን ታመመ። ኅዳር 14 ቀን 1879 እ.ኤ.አ. አረፈ። 18 ዓመቱ ነበር። ዊንድሰር እንዲቀበር ያዘዘችው ንግሥቲቱ ናት። በዕለት ማስታወሻዋ ላይ ብቻውን፣ በባዕድ አገር፣ አንድ የእኔ የሚለው ዘመድ ሳይኖር መሞቱን ጽፋ አዝናለች።

ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ2007 እ.ኤ.አ. አጽሙ እንዲመለስ ጠይቀዋል። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቤተ መንግሥቱ አጠገቡ ያረፉትን የሌሎችን አጽም ሳይነኩ እሱን ማውጣት አይቻልም ብሎ መለሰ። አንተን የሚያንገበግብህ ይህ ነው፤ እኔንም እንዲሁ።

ነገር ግን እስኪመለስ ድረስ ማን ይጠይቀው? አንድ ዘመድ አልነበረውም ተብሎ የተጻፈለት ልጅ ነው። እህታችን ትንሹ ልጇ 7 ዓመቱ ነው አለች። እሱ እዚህ አገር ሲገባ የነበረው ዕድሜ ነው። ልጆች እኛ ከምናስበው በላይ ይገባቸዋል። እኔ ልጆቼን የወሰድኳቸው 8 እና 10 ሆነው ነው። ከጸሎት ቤቱ ወጥተን ወንዝ ዳር አይስክሬም በሉ። ሁለቱም በአንድ ቀን ሆነ፤ ምንም አልጎዳቸውም።

ነርሷ
ለሚመለከተው ሰው አንድ ነገር። ዩኒቨርሳል ክሬዲትና አንዳንድ ሌላ ድጎማ ለሚያገኙ ቤተሰቦች የቤተ መንግሥቱ መግቢያ በ1 ፓውንድ የሚያዝበት አሠራር አለ። አስቀድሞ በኢንተርኔት መያዝ አለበት። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በነፃ ይገባሉ። ሙሉ ዋጋ የሚከፍል ደግሞ ትኬቱን ከራሱ ከቤተ መንግሥቱ ድረ ገጽ ከገዛ ወደ አንድ ዓመት ማለፊያ ያስቀይርለታል። ከሌላ ሻጭ ከተገዛ ይህ አይሠራም። እናትሽ ተመልሰው ማየት ቢፈልጉ ይጠቅምሻል።

ስለ ጉልበታቸው አትስጊ። ከበሩ ወደ ላይ ያለው መንገድ ዳገት ነው፤ ግን አጭር ነው፤ ማረፊያም አለው። ደረጃ ለሚከብደው ሊፍት አለ። ሠራተኞቹን ጠይቂያቸው፤ ዊልቸርም ያውሳሉ።

እግረኛው
እኔ ዊንድሰርን የምወዳት በነፃ ባላት ነገር ነው። ሰው ቤተ መንግሥቱን አይቶ ባቡሩን ይይዝና ግማሹን ከተማ ሳያይ ይሄዳል።

መጀመሪያ ሎንግ ዎክ። ከቤተ መንግሥቱ በር ተነስቶ ቀጥ ያለ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ ዛፍ። ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ኮረብታ ላይ ያልቃል። ጫፉ ላይ ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ በፈረስ ተቀምጠው ይታያሉ፤ ሰው «የመዳቡ ፈረስ» ይለዋል። እዚያ ወጥታችሁ ዞር ብትሉ መንገዱ እንደ መቀነት ተዘርግቶ፣ ቤተ መንግሥቱ ከጫፉ ላይ ሙሉውን ይታያል። ግማሽ መንገድ ላይ በሩን ካለፋችሁ በኋላ የአጋዘን ክልል ነው። ጠዋት በጊዜ ከሄዳችሁ መንገዱን ሲያቋርጡ ታገኟቸዋላችሁ። እንዳትጠጉ እንጂ ከሩቅ ማየቱ በቂ ነው። ለእናትሽ ግን እዚህኛው ጫፍ ላይ ሣሩ ላይ ምንጣፍ መዘርጋት ይበቃል። እይታው እዚያም አይከፋም።

ሁለተኛው ወንዙ። ቴምዝ ለንደን ውስጥ ከምታውቁት ቴምዝ ሌላ ነው። እዚህ ጠበብ ያለ፣ ጸጥ ያለ፣ ዳር ዳሩ ሣር ነው። የ40 ደቂቃ የጀልባ ሽርሽር አለ። ለደከመ ጉልበት ከዚህ የተሻለ መዝናኛ የለም። ስዋኖቹ፣ አንገተ ረጅሞቹ ነጫጭ የውሃ ወፎች፣ በብዛት ናቸው። ክፍት ውሃ ላይ ያሉ ምልክት የሌላቸው ስዋኖች በሕግ የንጉሡ ናቸው። በየዓመቱ ሐምሌ አጋማሽ ላይ በቀዘፋ ጀልባ እየዞሩ ይቆጥሯቸዋል፤ ጫጩቶቹንም ይመረምሯቸዋል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል።

ድልድዩን ብትሻገሩ ኢተን ናት። ድልድዩ ላይ ከ1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ መኪና አያልፍም፤ ልጅ ይዞ ለመሄድ ይመቻል። ኢተን ኮሌጅ በ1440 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው። ተማሪዎቹ ከኋላው ረዘም ያለ ጥቁር ኮት ለብሰው መንገድ ላይ ይታያሉ፤ በነሐሴ ግን እረፍት ላይ ስለሆኑ አታገኟቸውም። ከድልድዩ ወደ ግራ ብትታጠፉ ብሮካስ የሚባል መስክ አለ። ቤተ መንግሥቱ ከወንዙ ማዶ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ከዚያ ነው። ፎቶ ከዚያ አንሱ።

ከተማው ውስጥ ደግሞ ጊልድሆል የሚባለው የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ አለ። ከሥሩ ገብታችሁ ወደ ላይ ብታዩ መሃል ያሉት ዓምዶች ጣሪያውን አይነኩም። ክሪስቶፈር ሬን ዓምድ ጨምር ሲሉት የማያስፈልግ መሆኑን ለማሳየት አሳጥሮ ሠራቸው ተብሎ ይወራል። አጠገቡ ወደ ጎን የተንጋደደች ቤት አለች። ትንሹ ልጅሽ ይወዳታል።

ባቡር ወዳጅ
አካሄዱን እኔ ልንገርሽ። ሁለት መንገድ አለ። ከዋተርሉ ቀጥታ ባቡር ዊንድሰር ወንዙ ዳር ያወርድሻል፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከፓዲንግተን ደግሞ ስሎው ወርደሽ ትቀይሪያለሽ፤ ይኼኛው ይፈጥናል።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ከስሎው የምትነሳው ባቡር ትንሽ ናት፤ ሌላ ሥራ የላትም፤ በሁለቱ ጣቢያ መሃል ስትመላለስ ትውላለች። ወንዙ ላይ ስትደርስ ቅስት ያለው የብረት ድልድይ ላይ ትወጣለች። ኢንጂነሩ ብሩኔል ነው፤ የተከፈተው በ1849 እ.ኤ.አ.። እዚያ ላይ ቤተ መንግሥቱ ድንገት ብቅ ይላል። ልጆቹን መስኮት ዳር አስቀምጫቸው።

ኤሊዛቤት መስመርን ከያዛችሁ ኦይስተር የሚባለው የለንደን የጉዞ ካርድ ከዌስት ድሬይተን ጣቢያ አልፎ አይሠራም። ከልጆች ጋር ብዙ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ የቤተሰብ የባቡር ካርድ አውጪ። ለአዋቂ ሲሶውን፣ ለልጅ 60 በመቶውን ይቀንሳል። በመኪና አትምጪ። ማቆሚያው ውድ ነው፤ በበጋ ደግሞ አይገኝም።

የስቴይንሷ
ሁላችሁም ስለ ከተማው ተናገራችሁ። እኔ ከከተማው ወጣ ያለውን ልንገራችሁ፤ መኪና ላለው ሰው ነው።

ቨርጂኒያ ዋተር የሚባል ሐይቅ አለ፤ የዊንድሰር ታላቁ ፓርክ ደቡብ ጫፍ ላይ። ዙሪያው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ለጥ ያለ ስለሆነ የሕፃን ጋሪም ይሄዳል። መግባት ነፃ ነው፤ የሚከፈለው ለመኪናው ብቻ ነው። ፏፏቴ አለ። ካናዳ ውስጥ ካለችው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ1958 እ.ኤ.አ. በስጦታ የመጣ ቁመቱ 30 ሜትር የሆነ የተቀረጸ ዛፍ አለ። እኔን ሁሌ የሚያስቆመኝ ግን ሐይቁ ዳር ያለው የሮማውያን ፍርስራሽ ነው። እዚያ የተሠራ አይደለም። ከሊቢያ፣ ሌፕቲስ ማግና ከሚባለው ጥንታዊ ከተማ ተነቅሎ በመርከብ የመጣ ነው። ለንጉሥ ጆርጅ 4ኛ የአትክልት ጌጥ እንዲሆን አቆሙት። የአፍሪካ ድንጋይ እንግሊዝ ጫካ ውስጥ ቆሞ ሳየው ስለ መቅደላ አስባለሁ። ከዚያ የተወሰዱ የብራና መጻሕፍት እኮ እስከ ዛሬ ዊንድሰር ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሉ።

ከእሱ በመኪና ጥቂት ራቅ ብሎ ረኒሚድ አለ። ንጉሥ ጆን ማግና ካርታን፣ የንጉሥን ሥልጣን በሕግ የገደበውን ሰነድ፣ በ1215 እ.ኤ.አ. ማኅተም ያደረጉበት መስክ ነው። መስክ ነው፤ ቤተ መዘክር አትጠብቁ። መሃሉ ላይ 12 የነሐስ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ፍርድ ቤት ፍርድ እንዲሰጡ የሚጠሩ ተራ ዜጎች (ጁሪ) የሚቀመጡበት እንደማለት። ልጆች ይቀመጡባቸዋል፤ አይከለከልም። የ11 ዓመቷ ልጅሽ ስለ ማግና ካርታ ትምህርት ቤት መስማቷ አይቀርም።

የሁለት ልጆች እናት
ምን ብዬ ላመስግናችሁ? ሁሉንም ለእናቴ አነበብኩላት። የሊድሱ የጻፈውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

ሐሙስ እንሄዳለን። ሌጎላንድን ለሚቀጥለው ሰኞ አደረግነው። የመቅደላ ልጅ፣ ያልከውን ብዙ አሰብኩበት። ትንሹን ስጠይቀው «እኔም አያቴ ጋ» አለ። ስለዚህ አብሮን ይገባል። ደርሼ ስመለስ እነግራችኋለሁ።

የመቅደላ ልጅ
መልካም መንገድ ይሁንላችሁ። እናትሽን ሰላም በይልኝ።

የሁለት ልጆች እናት
ተመለስን። ልጆቹ ተኝተዋል፤ እናቴም ጋደም ብላለች። ሳልረሳው ልጻፍ።

ከፓዲንግተን ነው የሄድነው። ባቡር ወዳጅ፣ ልክ እንዳልከው ድልድዩ ላይ ስንወጣ ቤተ መንግሥቱ ብቅ አለ። ትንሹ «እማ! እማ!» ብሎ መስኮቱን ደበደበ። ክብር ዘቦቹ ጋ ሰዓታችን ላይ ደረስን። ቀይ ኮታቸውን ለብሰው፣ ያንን የድብ ቆዳ ባርኔጣ አድርገው፣ ባንዱ እየመታ አለፉ። እናቴ «በዚህ ሙቀት ይኼን ጭነው ልጆቹን ገደሏቸው» ብላ አዘነችላቸው።

ከዚያ ፍተሻውን አልፈን ወደ ውስጥ ገባን። በሩ አካባቢ ብዙ ሰው ነበር። ዳገቱን ቀስ ብለን ወጣን፤ ሁለቴ አረፍን። ዊልቸሩን አልፈልግም አለች።

የጸሎት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ቆመች። «የማን ቤተ ክርስቲያን ነው?» አለችኝ። «የቅዱስ ጊዮርጊስ» አልኳት። ደነገጠች። «ጊዮርጊስ? የእኛው ጊዮርጊስ?» አዎ ስላት ነጠላዋን ከቦርሳዋ አወጣች፤ አጣፋች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን ልታወልቅ ስትል እዚህ አይወልቅም ብዬ ያዝኳት። «እነሱ አያወልቁ፤ እኔ ምን አገባኝ» አለች። አወለቀች። በር ላይ ያሉት ሴትዮ አይተው ፈገግ አሉና በእጃቸው ግቡ አሉን። በካልሲዋ ነው የገባችው፤ ጫማዋን እኔ ይዤ።

ውስጡን እንዴት ልንገራችሁ? ጣሪያው ከድንጋይ የተሠራ አይመስልም፤ ዳንቴል ይመስላል። ንግሥት ኤልሳቤጥ ያሉበትን ቦታ ሰው ተሰልፎ ያያል። ሄንሪ 8ኛ ወለሉ ሥር ናቸው፤ ልጄ ስለ ስድስቱ ሚስቶቻቸው ለአያቷ ልታስረዳ ሞከረች። የዓለማየሁን ሰሌዳ ግን ወዲያው አላገኘነውም። አንዱን ጠባቂ ጠየቅኩት። ሲሰማ «ከኢትዮጵያ ናችሁ?» ብሎ ራሱ ወሰደን።

ትንሽ የናስ ሰሌዳ ናት። ሳልነገራት ባልፍ አላያትም ነበር። የቴዎድሮስ ልጅ መሆኑን፣ የተወለደበትንና የሞተበትን ቀን፣ ያሠራችለት ንግሥት ቪክቶሪያ መሆኗን ይላል። ከታች ከማቴዎስ ወንጌል «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» የሚለው ቃል ተጽፏል። መቃብሩ ራሱ በአቅራቢያው ነው፤ ግን አይታይም። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ቃል በቃል ተረጎምኩላት። የመጨረሻውን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች፤ ምንም አልተናገረችም። ከዚያ እጇን ዘርግታ ግድግዳውን ዳሰሰችና «ዓለማየሁ፣ ከአገርህ ሰው መጣ» አለችው። እንደዚህ ነው ያለችው፤ ቤቱ ሄዳ እንደምታገኘው ሰው።

ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም። ትንሹ ከቦርሳው እርሳስና ወረቀት አውጥቶ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጽሑፉን ገለበጠው። ማንም አልከለከለውም። ስንወጣ «እኔን እዚያ ብቻዬን ቢወስዱኝ ትመጪ ነበር?» አለኝ። እመጣ ነበር አልኩት። ሌላ አልጠየቀም።

ከዚያ በኋላ ቀኑ እንደገና የልጆች ሆነ። የንግሥት ሜሪን የአሻንጉሊት ቤት አየን። መቶ ዓመት ያለፈው ነው፤ የሠራው አርክቴክት ሉተንስ ነው። ውሃው ይፈስሳል፤ መብራቱ ይበራል፤ መጽሐፉ ይነበባል፤ ሁሉም ግን በጣት የሚያዝ ነው። ትልቋ ከዚያ አልነቀል ብላ ነበር። ትልቁ አዳራሽ ደግሞ በ1992 እ.ኤ.አ. በተነሳው እሳት ጣሪያው ተቃጥሎ እንደገና በኦክ እንጨት የተሠራ ነው። ጣሪያው ላይ ጋርተር የሚባለው የእንግሊዝ ከፍተኛ ማዕረግ የተሰጣቸው ባላባቶች ጋሻ በሙሉ ተሥሏል። አጼ ኃይለ ሥላሴም በ1954 እ.ኤ.አ. ይህን ማዕረግ ስለተቀበሉ ልጄ የእሳቸውን ስትፈልግ አንገቷ እስኪያማት አንጋጠጠች። አላገኘችውም። ባዶ ነጭ ጋሻዎች ግን አገኘች። ማዕረጋቸውን የተገፈፉት ናቸው አሉን።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሎንግ ዎክ ሣር ላይ ነበርን። እግረኛው፣ አንተን አመሰገንን። ሱፍ ፍትፍቴን ፔርሙስ ሳህን ውስጥ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይዤው ነበር። ቃሪያ፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም። እናቴ ጸሎቷን አድርሳ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለትንሹ አጎረሰችው። ሂትሮው ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላኑ በየደቂቃው ዝቅ ብሎ ያልፋል። ባለፈ ቁጥር «ይኼኛው የእኛ ነው?» ትላለች። አንዱን የኢትዮጵያ ነው ብለን ሁላችንም ቆመን እጃችንን አወዛወዝን።

መጨረሻ ላይ ጀልባ። 40ውን ደቂቃ ሙሉ አንድ ቃል ሳትናገር ውሃውን ስታይ ነበር። ስንወርድ «ጣና ላይ እንዲህ ነው» አለች።

የሊድሱ
እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እናትሽን እጃቸውን ሳሚልኝ። የልጅሽን ጥያቄ ለባለቤቴ ሳነብላት አለቀሰች።

የመቅደላ ልጅ
አነበብኩት። በሚቀጥለው ወር ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ። ሰሌዳው ከየት በኩል ነው?

የሁለት ልጆች እናት
ጠባቂዎቹን ጠይቃቸው፤ «አለማዩ» ብለው ነው የሚጠሩት። ደስ ብሏቸው ያሳያሉ።

ሌጎላንድንም ሰኞ ጨረስን። የሬዲንጓ፣ ቁመቱን ለክቼ ስለሄድኩ ከለቅሶ ተርፌያለሁ። እናቴ ሚኒላንድ ላይ ወንበር ይዛ ዋለች። ሽቅብ ስንመለስ ባቡሯን ተሳፈርን።

የአዲስ መጤ ልጅ
ይህን ክር አሁን ነው ያገኘሁት፤ እኛም ቅዳሜ ልንሄድ ነው። ምግብ ይዞ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ መግባት ይቻላል? እኛም ጿሚ አለን።

የሁለት ልጆች እናት
እኛ ሳህኑን ቦርሳ ውስጥ ይዘነው ገባን፤ ፈታሹ ከፍቶ አይቶ አሳለፈን። ውስጥ መብላት ግን አይፈቀድም። ለውጭ አስቀምጡት። ጠዋት በጊዜ ድረሱ፤ ከረፈደ የፍተሻው ሰልፍ ይረዝማል።

ቅዳሜ ከሆነ እኛንም ታገኙናላችሁ። ትኬቱን የዓመት አስደርገነዋል፤ እናቴ ከመሄዷ በፊት አንዴ ልሰናበተው ብላለች። ነጠላ ያጣፉ፣ ጫማቸውን በእጃቸው የያዙ አሮጊት ካያችሁ እኛው ነን።